ለመብራቱ የምትጨመረው ቁንጣሪ

ጥርስ ሠሪው ሰውን የሚያውቀው በጥርሱ ነው። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ዓይን ዓይናቸውን አያይም፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከንፈራቸው እስኪከፈት ይጠብቃል። ስማቸውን የረሳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የፊት ጥርሱን የረሳበት ሰው ግን የለም። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በዚህ ነገር ሳይቀልድበት አይውልም። «አንተ ሰውዬ፣ ሰላምታህ እኮ በቅሎ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ያስመስልሃል» ይለዋል። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «ጥርሶ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ቅር ሳይለው አቤት ይላል።

ሥራው እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ጥርስ ሲሰበር ወይም ሲነቀል ጥርስ ሐኪሟ የአፉን ቅርጽ በጀሶ አውጥታ ትልክለታለች። እሱ የጎደለውን ጥርስ ከሸክላ ዱቄት ይሠራል። ዱቄቱን በውሃ ያርስና በቀጭን ብሩሽ አንዱን ንጣፍ ባንዱ ላይ እየደረበ፣ ከጫማ ሣጥን በማትበልጥ እቶን ውስጥ ያበስለዋል። ላየው ሰው ቅርጹ የሚከብድ ይመስላል። የሚከብደው ግን ቀለሙ ነው። ጥርስ ነጭ ነው የሚል ሰው ጥርስ አይቶ አያውቅም። ከሥሩ ወደ ቢጫ ይመታል፤ መሐሉ የወተት መልክ አለው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ጉም ይሳሳና ወደ ሰማያዊነት ይሸሻል። ይህን ሁሉ በአንዲት የጥፍር ስፋት በሌላት ነገር ላይ ማኖር ያስፈልጋል።

የሚሠራባት ክፍል ከቤቱ ጀርባ ናት። ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቱም የጎረቤትን ግድግዳ ያያል። ግድግዳው መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎረቤትየው ፎቅ ሲጨምር ሰማዩን ይዞት ወጣ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ ይህችን ክፍል አጸዳና ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ሠራ፤ ጣራው ላይም ሦስት ረጃጅም ፍሎረሰንት መብራቶች ሰቀለ። ያን ጊዜ ጥርስ ሠሪው ጥርስ ሠሪ አልነበረም። ሲሠራበት የነበረው መጋዘን ተዘግቶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ወንድሙ ጉያ የገባ ሰው ነበር። ወንድሙ በዚያ ዕድሜው «ማሙሽ» ነበር የሚለው። ሃምሳ ከሞላውም በኋላ ማሙሽ ይለው ነበር።

ወንድሙ ካስተማረው ነገር ሁሉ እንደ ሕግ የያዛት አንዲት ነገር አለች። ወንድምየው መጀመሪያ ቀን ወደ ጣራው እየጠቆመ እንዲህ አለው።

«ማሙሽ፣ እነዚህ ሦስቱ ውሸታሞች ናቸው። አረንጓዴ ውሸት ነው የሚዋሹት። እዚህ ተመሳሰለ ብለህ ያመንከው ጥርስ፣ ውጭ ሲወጣ ቀይ ትጎድለዋለች። ስለዚህ ጨርሰህ፣ ከቀለም ናሙናው ጋር አስተያይተህ፣ ልክ ነው ካልክ በኋላ ከዚህች ብልቃጥ ቁንጣሪ ጨምርበት። ይቺ ለጥርሱ አይደለችም። ለመብራቱ ናት።»

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ዱቄት ወደ ቀይ የሚመታ ብርቱካንማ ነው። ወንድሙ በላይዋ ላይ ወረቀት ለጥፎ «ለመብራቱ» ብሎ ጻፈባት። ዱቄቱ ሲያልቅ እየተሞላ፣ ወረቀቱ ሲቀደድ በፕላስተር እየተጠገነ፣ ሃያ አራት ዓመት ያቺው ብልቃጥ በጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ቆየች። ጥርሶቹም በፀሐይ ልክ ሆነው ኖሩ።

ባለፈው ዓመት ነገር መበላሸት ጀመረ። በመጀመሪያ የአንድ ፖሊስ ጥርስ ተመለሰ፤ አመድ መሰለ ተብሎ። ቀጥሎ የአንዲት ሻጭ፤ ቢጫ ሆነ ተብሎ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ይገጥማል ብሎ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ሠራ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ሐኪሟ ራሷ ትንሽ ሣጥን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ዶክተር! ምነው በእግርሽ?»

«ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም ብዬ ነው።» ሣጥኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የመምህሯ ናት። ባለፈው ሳምንት ግራጫ ሆነች ብለን መለስናት። አሁን ደግሞ ሻይ የጠጣች ትመስላለች።»

«መምህሯ?»

«ጥርሷ እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። መምህሯ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ከሥሩ ሄዷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍል የምትገባው አፏን በመሐረብ ሸፍና ነው።

«ተማሪዎቿ ጉንፋን የያዛት መስሏቸው ሎሚ እያመጡላት ነው» አለች ሐኪሟ። «ሣጥን ሙሉ ሎሚ አላት። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ለእኔ አባት ማለት ነዎት፤ ክሊኒኩን ስከፍት ማንም ሳያምነኝ ሥራዬን የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። ግን በሽተኛ ፊት መቆም አልቻልኩም። እስከ ማክሰኞ ልጠብቅ። ማክሰኞ ይህቺ ጥርስ ካልሆነች ማሽን ቤቱ ነው የምልካት። እሷን ከላክሁ ደግሞ… ሌሎቹም ይከተላሉ።»

ማሽን ቤቱ መሐል ከተማ የተከፈተ ነው። ጥርሱን ኮምፒውተር ይቀርጸዋል ይባላል። ጥርስ ሠሪው ሄዶ አላየውም፤ በልቡ ግን የጠላት አገር ነው።

«ገባኝ» አላት። «ማክሰኞ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ዓይኑን ጨፈነና ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበበ። ከዚያ ግራውን ጨፈነ። ይህን ነገር በድብቅ ማድረግ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ሚስቱ አንድ ጊዜ ቁርስ ላይ ይዛዋለች። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የስኳሩን ዕቃ ሲያይ ቀና ብላ «ማንን ነው የምትጠቅሰው? እኔን ከሆነ ሠላሳ ዓመት ዘግይተሃል» አለችው። ስቆ አለፈው። ምን እንደሚፈራ ሊነግራት አልቻለም።

የሚፈራው የወንድሙን መንገድ ነው። የወንድሙ ዓይን ሲሄድ በመጀመሪያ የሄደው ቀለም ነበር። ፊደል ያነባል፤ ሰው ከሩቅ ይለያል፤ ቢጫውና ነጩ ግን እየተቀላቀለበት ሄደ። ጥርስ ሠርቶ፣ ብርሃን ላይ አንስቶ፣ አፉን ሞልቶ «ልክ ነው!» ይላል። ልክ አልነበረም። ታናሽየው ይህን እያየ ምንም አላለም። ወንድሙ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል እነዚያን ጥርሶች እያነሳ ድጋሚ ይሠራና መልሶ በቦታቸው ያስቀምጣቸው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አደረገ። ወንድሙ ከመሞቱ በፊት ሐኪሟ «እጅዎ አሁንም አልደነዘዘም» ስትለው ፊቱ እንዴት እንደበራ፣ ጥርስ ሠሪው ስድስት ዓመት ሙሉ አልረሳውም። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣበት። የወንድሙን ስህተት የሚሸፍን እሱ ነበረ። የእሱንስ ማን ይሸፍናል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጁ መጣች። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት፤ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ መስመር ትዘረጋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ከወላጆቿ ጋር ትበላለች። የዛሬው ግን ምሳ ብቻ አልነበረም። እናቷ በስልክ «አባትሽ በግራና በቀኝ ዓይኑ ተራ በተራ ያየኛል፤ ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላ ነግራታለች። ልጅቷ ቀጥታ ወደ ጓሮዋ ክፍል ገባችና ገና አባቷን ሰላም ሳትል ቀና ብላ ጣራውን አየች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ሦስት መብራት ነው ወይስ ሦስት አገር?»

«ያው መብራት ነው፤ ምን ሆነ?»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አንስታ በግራው መብራት ሥር ያዘችው። ቀጥሎ በመሐለኛው። ቀጥሎ በቀኙ። ወረቀቱ በግራ በኩል እንደ ሎሚ ልጣጭ አረንጓዴ ቢጤ ነው፤ መሐል ላይ ወደ ሰማያዊ ሄደ፤ በቀኝ ደግሞ ሐምራዊ ነገር ነካው።

«ከየት ነው የገዛሃቸው?»

«ድሮ የምገዛውን ዓይነት ተዉት። የለም ይላሉ፤ አይመጣም ይላሉ። አንዱ ሲቃጠል ያገኘሁትን እያመጣሁ እገጥማለሁ። ግራው የድሮው ነው።»

«እና የትኛው ሥር ነው የምትሠራው?»

አባትየው አሰበ። እንደየቀኑ ነው። ጀሶው በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ ወንበሩ ወዴት እንደተገፋ።

«አንዳንዱ አመድ፣ አንዳንዱ ሻይ ሆኖ የተመለሰብህ ለዚህ ይሆናላ» አለች። እናቷ ሁሉንም ነግራታለች ማለት ነው።

«አይደለም።» ድምፁ ቀጠነ። «መብራቱ አይደለም፤ ልታጽናኚኝ ብለሽ ይህን አትንገሪኝ። ዓይኔ ነው። አጎትሽም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገራት፤ ወንድሙ ጋደም ሲል ጥርሶቹን እየሰረቀ ይሠራ እንደነበር። ልጅቷ የመሣሪያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ የተመለሰችውን የመምህሯን ጥርስና የቀለም ናሙናዎቹን ከነመያዣቸው አነሳችና «ና ውጣ» አለችው።

ጓሮው ውስጥ ፀሐይ ነበረች፤ ግን ስስ ደመና ሸፍኗት ብርሃኗ ለስላሳ ነው። ልጅቷ የመምህሯን ጥርስ በመዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

«ምን ይታይሃል?»

ጥርስ ሠሪው ጎንበስ አለ። ናሙናውን አጠገቧ አስጠጋ።

«ሻይ ጠጥታለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቀይዋ በዝታለች። ጫፏ ላይ ሳይሆን ወገቧ ላይ። ደግሞ እዚህ፣ ሥሯ ጋ፣ ትንሽ ቢጫ ትፈልጋለች።» ድንገት ቀና አለ። «ይሄማ ግልጽ ነው! ሕፃን ልጅ ያየዋል!»

«ታዲያ ዓይንህ ሄዷል?»

ጥርስ ሠሪው ጥርሷን ከእሷ መዳፍ ወስዶ ወደ ሰማዩ አነሳት፤ አዞራት፤ እንደገና አየ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሦስት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለ። ሁሉም አልተነሳም፤ ግን አየር አስገባ።

«ዓይንህን ለሐኪም ታሳያለህ፤ ያ የግድ ነው» አለች ልጁ። «መጀመሪያ ግን ያንን ጣራ።»

«ጓሮ ቁጭ ብዬ ብሠራስ?»

ይህን ሐሳብ ነፋሱ ራሱ መለሰለት። ለሙከራ ዱቄት ይዞ ወጣና ገና ብሩሹን ሳያነሳ የአንድ ጥርስ ዱቄት በሚስቱ የተሰጣ አንሶላ ላይ ዐረፈ። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «አንሶላውንም ጥርስ አወጣህለት?» አለች። ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያዎቹን ኤል ኢ ዲ መብራቶች ልጅቷ ከሰፈሩ ሱቅ ገዛች። በቁመታቸው ከድሮዎቹ ጋር እኩል ናቸው። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘጋች፤ መሰላል ላይ ወጣች፤ የድሮውን ሸምበቆ መሳይ መብራት አንድ ባንድ እያወረደች ለአባቷ አቀበለችው። ከዚያ ሽፋኑን ከፍታ መብራቱን የሚያስነሳውን ከባዱን ባላስት በካቻቢቴ ፈታ አወጣችው።

«ይሄ ከአሁን በኋላ አያስፈልግም።»

«አጎትሽ ነው የሰቀለው።»

«አውቃለሁ አባዬ። ሽቦውን እንዴት እንዳሰረው አየህ? ይቺን ዓይነት ቋጠሮ እኔም ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ሽቦውን አልነካውም፤ እንዳለ ይቆያል።»

ይህ አንጀቱን አራሰው። መብራቱ ሲበራ ግን ያው ደስታ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ክፍሏ እንደ ቀን ወገግ ብላለች፤ ነገር ግን እጁን ሲያይ የራሱ አልመሰለውም። ጥፍሮቹ አመዳም፣ መዳፉ የሞተ ሰው መዳፍ ነው። ናሙናዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነዋል።

«የሬሳ ቤት አደረግሽው» አላት።

ልጅቷ ከመሰላሉ ሳትወርድ የእሱን እጅ፣ ቀጥሎም የራሷን አየች። «እውነትህን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድምቀቱን ብቻ ነው ያየሁት። ድምቀትና ቀለም አንድ አይደለም።» ወረደች። «ለቀለም ሥራ የሚሆን አለ። ካርቶኑ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀለምን ምን ያህል ሳያዛባ እንደሚያሳይ። መቶ ከሆነ እንደ ፀሐይ ነው ይባላል። ይሄ ካርቶን ቁጥሩንም አልጻፈም፤ አፍሮ ነው መሰለኝ።»

ምሳዋን ቆማ በልታ ወደ መሐል ከተማ ሄደች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሌላ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ዘጠና ሰባት ይላል። ዳግም መሰላል፣ ዳግም ካቻቢቴ። ማብሪያ ማጥፊያውን እሱ እንዲጫነው ተወችለት።

በራ። እጁን አየ፤ እጁ ነው። በመዳፉ ውስጥ ደም አለ። ጠረጴዛው ጥቁር መስሎት ኖሮ ለካ ጥቁር ቡናማ ነው። ናሙናዎቹ ተራ በተራ፣ አንዱ ካንዱ ተለያይተው ቆሙ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ያስደነቀው ሌላ ነገር ነው፤ ዝምታው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ክፍሏ ውስጥ እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ድምፅ ነበር። ድምፁ እንዳለ ያወቀው ዛሬ ሲጠፋ ነው። ወንድሙ ያፏጭ የነበረው በዚያ ድምፅ ላይ ነበር፤ እሱን ይዞ፣ ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ። ጥርስ ሠሪው በሩ ጋ ቆሞ ያንን ዝምታ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ልጅቷም መሰላሉን ስታጥፍ ድምፅ እንዳታሰማ ተጠነቀቀች።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ሠራ። የመምህሯን የጀሶ አፍ ፊቱ አስቀምጦ፣ ሐኪሟ የላከችውን ፎቶ አጠገቡ አድርጎ፣ ከሥሩ ጀምሮ ደረበ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማው ስንት ጊዜ እንደሆነው አላስታወሰም። ቢጫውን ያየዋል፤ ሰማያዊውን ያየዋል። አመሻሹ ላይ ጥርሷ ከእቶኗ ወጣች። እስክትቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ልክነቷን አምኖ ዳግም ሳያያት፣ ሳጥኗ ውስጥ አስተኛትና እራቱን በሁለት ዓይኑ እያየ በላ። ሚስቱም ይህን ልብ ብላለች። «ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነሃል» አለችው።

ሰኞ ጧት ጓሮ ይዟት ወጣ።

ሻይ ጠጥታለች።

ናሙናውን አስጠጋ፤ አራቀ፤ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ አየ፤ ዞሮ አየ። አሁንም ያው። ካለፈችው እንዲያውም ትብሳለች። ቅስሙ ስብር አለ። መብራቱ ከተቀየረ፣ ብርሃኑ ከታመነ፣ የቀረው ጥፋተኛ ማን ነው? ውስጥ ሲገባ አያይም፣ ውጭ ሲወጣ ያያል ማለት ነው? ወይስ ቅዳሜ ያየውም ልጁ ፊት ስለሆነ፣ ማየት ስለፈለገ ብቻ ነው? ወደ ክፍሉ ተመልሶ መብራቱን ሳያበራ ተቀመጠ። ወንድሙ በመጨረሻው ዓመት እንዲሁ ይቀመጥ ነበር፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው።

ልጁ በምሳ ሰዓት ከሥራ ቦታዋ ብቅ አለች፤ ለመጠየቅ። ፊቱን አይታ መጠየቁን ተወችው። ጥርሷን ራሷ ጓሮ ይዛ ወጥታ ተመለሰች።

«እኔ እንኳን ይታየኛል» አለች። «እሺ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ምን ምን እንዳደረግህ።»

«ምን ልንገርሽ? ጥርስ አትሠሪም።»

«እኔ አንድ ቤት መብራት አልበራ ሲል እንደዚህ ነው የማደርገው። ከቆጣሪው እነሳና እስከ አምፖሉ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እነካለሁ። አንዱን ከዘለልኩ፣ ብልሽቱ የዘለልኩት ጋ ነው። ንገረኝ።»

ሳይወድ በግዱ ጀመረ። ጀሶውን እንዴት እንዳጸዳ፣ የመጀመሪያውን ንጣፍ እንዴት እንዳለበሰ፣ ቢጫውን ከየት እንዳስገባ። ልጅቷ ዳቦዋን እየገመጠች በየመሐሉ «ከዚያ?» ትለዋለች።

«ከዚያ ጫፏን በስሱ ሠራሁ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ ከናሙናው ጋር አስተያየሁ። ልክ ነበረች። እምልልሻለሁ፣ ልክ ነበረች።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ ለመብራቱ ቁንጣሪ ጨምሬ እቶን ውስጥ…»

«ቆይ ቆይ። ለምኑ?»

«ለመብራቱ። አጎትሽ ያስተማረኝ ናት፤ መብራቱ አረንጓዴ ስለሚዋሽ…»

«ለየትኛው መብራት፣ አባዬ?»

እጁን ወደ ጣራው አነሳ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። አዲሶቹ መብራቶች ያለ ድምፅ ያዩታል። ከሥራቸው፣ በጠረጴዛው ቀኝ ጥግ፣ ብልቃጧ ከነወረቀቷ ተቀምጣለች። ክዳኗ ክፍት ነው። መቼ እንደከፈታት አያስታውስም። እጁ ነው የከፈታት፤ እሱን ሳያማክር።

መጀመሪያ ሳቁ ከሆዱ ወጣ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቀላቀሉ። ልጁ ዳቦዋን እንደያዘች አብራው ሳቀች።

«ውሸታሞቹን አውርጄ» አለ በመጨረሻ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «የእነሱን ውሸት እኔ ቀጠልኩላቸው!»

ከሰዓት በኋላ እንደገና ሊሠራ ተቀመጠ። ልጁ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትል ብልቃጧን አንስቶ ሰጣት።

«ያዥልኝ። እዚህ ካለች እጄ አይተዋትም።»

«ልጣላት?»

«አብደሻል? ያዥልኝ ነው ያልኩሽ።»

ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ በመሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ ከፒንሳዎቿ መሐል ከተተቻት። ጥርስ ሠሪው ብቻውን ቀረ። ንጣፍ በንጣፍ ደረበ። ከናሙናው ጋር ሲያስተያይ ልክ ነበረች። እጁም ወዲያው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ባዶውን ጠረጴዛ ዳበሰ። መለሰው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሄደ። በዚህ ጊዜ እዚያው ተወው፤ መዳፉን ባዶው ቦታ ላይ ዘርግቶ ቆየ። እስከ ዛሬ የሠራው ጥርስ ሁሉ ላይ ወንድሙ አብሮት አለ፤ በዚያች ቁንጣሪ። አሁን የሚያስገባው ጥርስ የወንድሙ እጅ ያልነካው የመጀመሪያው ነው። ይህ እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን አላወቀም ነበር። ወንድሙ ግን ቁንጣሪዋን የጨመረው ጥርሱ እውነት እንዲሆን ብሎ ነው። እውነቱ ያለሷ ከተገኘ ምን ይላል? «እሰይ ማሙሽ» ከማለት በቀር ምን ይላል?

ጥርሷን እቶኑ ውስጥ አስገባ።

ማክሰኞ ጧት ጓሮ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ቢጠየቅ ቸኩዬ ነው ይል ነበር፤ እውነቱ ግን ብቻውን ሊያያት ፈራ። ሣጥኗን በደረት ኪሱ ይዞ በእግሩ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። መምህሯ ቀድማ ደርሳ ወንበሩ ላይ ተጋድማለች። ሐኪሟ ሣጥኑን ተቀብላ ከፈተች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ጥርስ ሠሪው ግድግዳው ጋ ቆሞ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቶቹ ያዞራል።

ሐኪሟ ጥርሷን ገጠመች። ጫን አለች። «ነከስ አድርጊ። እሺ። ተነሺና መስኮቱ ጋ ነይ።»

መስኮቱ ሰፊ ነው፤ መንገዱን ያያል፤ የጧት ብርሃን ሙሉውን ይገባበታል። መምህሯ ተነሥታ ቆመችና አፏን ከፈተች። ሐኪሟ ቀረብ ብላ አየች። ጥርስ ሠሪው ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ።

«ሲስተር» ብላ ጠራች ሐኪሟ። ነርሷ ከጓዳ ብቅ አለች። «ነይ እስቲ። የትኛዋ ናት አዲሷ?»

ነርሷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። «ይቺኛዋ» ብላ ጠቆመች።

«እሱ እኮ የራሷ ነው።»

«እንግዲያው ይቺ?»

«እሱም የራሷ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብላ ነርሷ ሳቀች። መምህሯ የእጅ መስታወቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ራሷን አየች። ከንፈሯን ገለጠች፣ ከደነች፣ እንደገና ገለጠች።

«እኔም ጠፋችብኝ» አለች። «ምላሴ ብቻ ነው የሚያውቃት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ «እርስዎ ነዎት የሠሩልኝ? ሎሚ ይወዳሉ?» አለችው።

«እወዳለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንድ ሣጥን እልክልዎታለሁ!» ቦርሳዋን አንሥታ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጣት እየሮጠች ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ሐኪሟ «ቀስ! ቀስ ብለሽ ውረጂ!» ብላ ጮኸችባት።

ክፍሉ ጸጥ ሲል ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ሣጥን አወረደች፤ ከሥሩም ሌላ ሁለት ነበሩ። በላያቸው ላይ የማሽን ቤቱ አድራሻ ተጽፎባቸዋል። አድራሻውን በእስክሪብቶ እየሰረዘች ሦስቱንም ፊቱ ደረደረቻቸው።

«ይቺ የአንድ ሾፌር ናት፤ ሁለት የፊት ጥርስ» አለች። «ጀሶውንም ፎቶውንም አድርጌያለሁ።»

ጥርስ ሠሪው ሣጥኑን ተቀበለ፤ ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«ጀሶውን እወስዳለሁ። ፎቶው ግን ይቅር፤ ሰውየውን ላኪልኝ።»

«ቤትዎ?»

«ከነአፉ ይምጣ። እኔ ጋ አሁን ብርሃን አለ፤ አጠገቤ አስቀምጬው እያየሁት ልሥራ። ወንበር ብቻ ማስገባት ነው የሚቀረኝ።»

ሐኪሟ ስልኳን አነሳች። «መቼ ይምጣ ልበለው?»

ጥርስ ሠሪው ሣጥኖቹን በብብቱ ሸጉጦ በሩን ከፈተ።

«ዛሬ ከሰዓት» አላት።